መሐላቸውን ለገብርኤል የሰጡት ምስክር

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ቤቷን እንዳታጣ አራት ምስክር ያስፈልጋት ነበር። ሦስቱ ዝግጁ ነበሩ። አራተኛዋ ግን አልምልም አሉ።

ሥራዬ የጠበቃ ረዳትነት ነው። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ጠበቃው ችሎት ፊት ይቆማል፤ ከዚያ በፊት ያለው የእኔ ነው። መዝገብ ቤት ሄጄ ቀጠሮ አረጋግጣለሁ፣ መጥሪያ አደርሳለሁ፣ ቅጂ አስነሣለሁ፣ ማስረጃውን በየተራው አያይዛለሁ። ባለጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያለቅሰው እኔ ፊት ነው። ጠበቃው ጋ ሲገባ እንባው ደርቆለት ጉዳዩን መናገር ይችላል። ምስክር መሰብሰብም የእኔ ሥራ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ «ጠበቃዋ» ይለኛል። አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። ትልቋ ልጄ ቤት ውስጥ ተከራክራ ስታሸንፈኝ፣ «ዛሬም ጠበቃዋን ረታኋት!» ብላ ለታናናሾቿ ታውጃለች።

የድሬ መሥሪያ ቤት ሙቀቱን ለመቅደም በማለዳ ይከፈታል። ስለዚህ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስወጣ ጸሎቴ አጭር ነው። እግዚአብሔር አጭር ጸሎትም እንደሚሰማ የተማርኩት በዚህ ሥራ ነው።

ሴትዮዋ ወደ ቢሯችን የመጣችው ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ ነው። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር። የሚኖሩበት ቤት የኪራይ ነው፤ ውሉም በእሱ ስም ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ሚስቱ መሆንሽን በፍርድ ቤት አረጋግጠሽ አምጪና ውሉ ወደ አንቺ ይዞራል፣ ካልሆነ ግን ዓመቱ ሳያልቅ ልቀቂ ብሏታል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ወረቀት ነው የፈለጉት። እሷ ደግሞ ወረቀት የላትም። የተዳረችው ገጠር፣ ዋሂል፣ አባቷ ቤት ነው። ሽማግሌዎች መረቁ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ዘፈነ፤ የጻፈ የለም። ሽማግሌዎቹም በየተራ አረፉ። ልጅ አልወለዱም።

«ያ ወቃዮ!» አለች፤ በቋንቋዋ አምላኳን ስትጠራ። «ይህን ሁሉ ዘመን የማንን ባል ካልሲ ሳጥብ ነው የኖርኩት?»

ሕጉ እዚህ ላይ ርኅሩኅ ነው። ሁለት ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ፣ ጎረቤትም እንደዚያ ካወቃቸው፣ አራት ሰው ቀርቦ ሊመሰክርላቸው ይችላል። ችግሩ ሰው ማግኘቱ ላይ ነበር። በሚኖሩበት ግቢ ከነበሩት የባቡር ቤተሰቦች ብዙዎቹ አዲስ አበባም ጅቡቲም ተበትነዋል። አሁን ያሉት ጎረቤቶች ትናንት የመጡ ናቸው። ፈልጌ ፈልጌ የቀሩትን አራት አገኘሁ፦ አንድ ጡረተኛ መካኒክ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንዲት ሶማሌ ጨርቅ ነጋዴ፣ እና ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤቷ እማማ። አምስተኛ የለም።

ቀጠሮውም አንድ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤት ነሐሴ ላይ ለእረፍት ይዘጋል። የዚያን ቀን ካልሆነ ነገሩ ወደ ጥቅምት ይሻገራል፤ እስከዚያ ሴትዮዋ ዕቃዋን ይዛ ወጥታለች።

ምስክር አላስጠናም። ጠበቃው አይፈቅድም፤ እኔም እግዚአብሔርን እፈራለሁ። የማደርገው ቦታውን ማሳየት ነው። ሰው የማያውቀው ክፍል ሲገባ የሚያውቀውን ይረሳል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን፣ ችሎት ከተነሣ በኋላ፣ የጥበቃውን ሠራተኛ አስፈቅጄ ምስክሮቹን ባዶው አዳራሽ ውስጥ አስገባቸዋለሁ። እዚህ ትቆማላችሁ፣ ዳኛዋ እዚያ ናት፣ ማራገቢያው ይጮኻልና ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ እላለሁ።

ያን ዕለትም እንዲሁ አደረግኩ። ባለጉዳዪዋ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ያያችሁትን አየሁ በሉ» አልኳቸው። «የሰማችሁትን ሰማሁ በሉ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ። ስልክ ዝጉ።»

«ጫትስ?» አሉ መካኒኩ።

«ጫት ውጭ።»

«ጠዋት አይደል? ጠዋትማ እኔም ጤነኛ ነኝ።»

«ደግሞ ለሌላው አትመልሱ። ሁሉም ስለ ራሱ ብቻ።»

«አቦ! እሱ ይከብዳል» አለች ጨርቅ ነጋዴዋ። «እኛ ሰፈር ሰላምታ እንኳን ለሌላው እንመልሳለን።»

እውነቷን ነው። እሷና እማማ በአንድ ግድግዳ ነው ያረጁት። እማማ ሲጾሙ ነጋዴዋ ወተት ያለበት ሻይ ይዛ አትገባም። እሷ ረመዳን ስትጾም እማማ ቀን ቀን ደጃቸው ላይ ውሃ አይጠጡም። አንዷ ታማ ሐኪም ቤት ከሄደች ምልክቱን የምትናገረው ሌላዋ ናት።

ከዚያ የችሎት ጸሐፊውን ሆንኩና፣ «አሁን ቀኝ እጅ ይነሣል፤ እንደየሃይማኖታችሁ ትምላላችሁ» አልኩ።

ሦስት እጅ ተነሣ። እማማ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

«መሐላ አለው እንዴ?»

«አለው እማማ። ምስክር ሁሉ ይምላል።»

«እንግዲያው እኔ የለሁበትም።»

ዘወር ብዬ ባለጉዳዪዋን አየኋት። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላለች።

እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ታሪኩን ነገሩን። «ወጣት ሳለሁ ያለ መሐላ ውሃ አልጠጣም ነበር። ሽንኩርት ስገዛ ገብርኤልን፣ መልስ ስቀበል ማርያምን። ሰው እንዴት አደርሽ ሲለኝ እንኳ፣ ሚካኤልን ደህና ነኝ! ባቡር ጣቢያው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ልጄ ታመመና ቁልቢ ወጣሁ። ሰዉ ጥላ ይዟል፣ ምንጣፍ ይዟል። እኔ ባዶ እጄን ነኝ። ምን ልስጠው? ያለኝን አሰብኩት፤ ከሁሉ የበዛልኝ መሐላ ነው። ‹ልጄን ማርልኝ፣ ሁለተኛ በስምህም በማንም ስም አልምልም› አልኩት። ልጄ ዳነ። ይኸው የጭነት መኪና እየነዳ ጅቡቲ ይመላለሳል። መሐላዬ የእኔ አይደለም፤ ሰጥቼዋለሁ።»

መጀመሪያ መላ ያገኘችው ነጋዴዋ ናት።

«አባዮ» አለቻቸው፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ለአንድ ቀን ብቻ ተበደሪው።»

«ከገብርኤል ላይ?»

«ለመልካም ሥራ ነዋ!»

«አንቺ የሸጥሽውን ጨርቅ ለአንድ ቀን መልሱልኝ ትያለሽ?»

«ወላሂ ብዙ ጊዜ ብያለሁ።»

መካኒኩ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ባለጉዳዪዋ ግን ወደ እማማ ቀረብ ብላ እጃቸውን ያዘች። «እማማ፣ ለእኔ ብለው ስእለት አያፍርሱ። ቤት ይገኛል» አለች።

ቤት እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እማማም ያውቁ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ቢሮ ተመልሼ ለጠበቃው ነገርኩት። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ እትዬ ይለኛል። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ፣ ሰው ሐሰተኛ ምስክር እንዳያጋጥመው ይሰጋል። እኛ ከእውነት ብዛት ልንረታ ነው?»

«ምን ይሻላል?»

«መማል የማይፈልግ ሰው ማረጋገጥ ይችላል። እውነት እናገራለሁ ብሎ ቃሉን ይሰጣል፤ ያው ነው። ዳኛዋም እሺ የምትል ይመስለኛል። የሚያስቸግሩት ዳኛዋ ሳትሆን እማማ ናቸው።»

እንዳለውም ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል እማማ ቤት ሄድኩ። ነገሩን አስረዳኋቸው። አዳመጡኝ፤ የሎሚ ጭማቂም ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ልብሱን የቀየረ መሐላ አይደለም?»

«አይደለም እማማ። የማንም ስም አይጠራበትም።»

«አንቺ አይደለም ካልሽ አይደለም ይሆናል። ግን ስእለቱን የምታውቂው አንቺ አይደለሽም።»

አብረን ለሠርክ ጸሎት ሄድንና ከጸሎቱ በኋላ የንስሐ አባታቸውን አገኘናቸው። ቄሱ ነገሩን ሰምተው ጺማቸውን ዳሰሱ።

«ለገብርኤል የሰጡት ምንድን ነው?»

«መሐላዬን።»

«እውነት መናገርንም አብረው ሰጥተዋል?»

«ኧረ እሱን አልሰጠሁም!»

«እንግዲያው እሱ እጅዎ ላይ ነው።»

እማማ መስቀል ተሳልመው ወጡ። ባጃጅ ውስጥ ሳለን፣ «አእምሮዬ ተቀብሎታል፤ ልቤ ገና ነው» አሉኝ። «ነገ ሊመጡ ነው ወይስ ሊቀሩ?» ብዬ ጠየቅኩ። «እመጣለሁ። መምጣት አልተሳልኩም።»

ቤቴ ገብቼ ለጸሎት ስቆም ግራ ገባኝ። ቃላቸውን ይሰጡ ዘንድ ልለምን ወይስ ስእለታቸውን ያጸናላቸው ዘንድ? ሁለቱም መልካም ነው። ባለጉዳዪዋን አሰብኩ፤ ቤት ይገኛል ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «አንተ ታውቃለህ» ብዬ ጨረስኩ። ከጸሎቶቼ ሁሉ አጭሩ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ተራራው ላይ ዘንቦ ስለነበር የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቀጭን ውሃ ይወርድ ነበር። ሁሉም በሰዓቱ መጡ። እማማም መጡ፤ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ዓይናቸውን ባየው ምንም አልነገረኝም።

ዳኛዋ ገና ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። ባለጉዳዪዋን ስሟንና ጉዳይዋን ጠየቀቻት። ከዚያ ምስክሮቹ አንድ በአንድ ከውጭ ተጠርተው ገቡ። መካኒኩ ማሉ፤ ባልየው ሥራ ላይ ምሳ የሚያመጣለት ማን እንደነበረ ተናገሩ። ልብስ ሰፊው ማለ፤ የባልየውን ሱሪ ይዛ የምትመጣው፣ ሰፋ አድርገው፣ ጠበብ አድርገው የምትለው እሷ እንደነበረች ተናገረ። ነጋዴዋ በቁርኣን ማለች። ብዙ ተናገረች። ዳኛዋ ሁለት ጊዜ፣ «ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» አለቻት። የመሰከረ ሰው ወደ ውጭ ተመልሶ ካልገቡት ጋር እንዳይነጋገር ከኋላ ይቀመጣል፤ እሷም ከኋላ ተቀመጠች።

እማማ ተጠሩ። ጸሐፊው መጽሐፍ ቅዱሱን ዘረጋላቸው። አልነኩትም። ጎንበስ ብለው በሩቁ ተሳለሙት።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ አልምልም።»

ጠበቃው ተነሥቶ ምክንያቱን ባጭሩ አስረዳ። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እናቴ፣ ማንም አያስገድድዎትም። የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ እውነት እናገራለሁ ብለው ቢያረጋግጡልኝ ይበቃኛል።»

ማራገቢያው ብቻ ይጮኻል። ባለጉዳዪዋ ከጎኔ ነበረች፤ ትንፋሿን ይዛለች። እማማ አንዴ እሷን፣ አንዴ መጽሐፉን አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም። ዳኛዋ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ብዕሯን አነሣች። እጄ ውስጥ ያለውን የመዝገብ ማኅደር ጨመቅኩት።

በዚህ መካከል ነጋዴዋ ከኋላ ብድግ አለች።

«ክብርት ዳኛ! እኔ ልማልላት!»

«እርስዎ ስለ ራስዎ ምለዋል። ይቀመጡ።»

«የእኔ አላለቀም፣ ትርፍ አለኝ! ይህቺ ሴት ዋሽታ አታውቅም፤ ወላሂ እኔ ነኝ ጎረቤቷ! ቁርኣኑን መልሱልኝ፣ እምልላታለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ዳኛዋ መዝገቡን ፊቷ ላይ ከፍ አደረገችው፤ ትከሻዋ ግን ይታየን ነበር። ጠበቃው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ለሌላው አትመልሱ ብለሽ አልነገርሻቸውም?» በሚል ዓይን አየኝ። ነግሬ ነበር። ቁርኣኑን የያዘው ጸሐፊ ይስጣት አይስጣት ግራ ገብቶት ቆሟል።

ያልሳቁት እማማ ብቻ ነበሩ። ደንግጠው ዘወር አሉ።

«ተቀመጪ አንቺ! በእኔ ላይ መሐላ ልታመጪ ነው? አንቺ ስትምዪልኝ ዝም ብዬ ካየሁ ማልኩ ማለት አይደል?»

«ታዲያ ተናገሪያ! አንቺ አትምዪም፣ እኔም እንዳልምልልሽ ትከለክዪኛለሽ፤ ታዲያ ልጅቷ ሜዳ ልትወድቅ ነው?»

እማማ ወደ ዳኛዋ ዞሩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ከማራገቢያው በላይ ወጣ።

«እውነት እናገራለሁ። ይኼ የራሴ ነው፤ ለማንም አልሰጠሁትም። እሷን ግን አስቀምጡልኝ።»

ነጋዴዋ ሳይነግሯት ተቀመጠች። ከጎኔ ረጅም ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁ።

ዳኛዋ መዝገቡን አወረደች። «እሺ እናቴ፤ ተመዝግቧል። ባልና ሚስት መሆናቸውን በምን ያውቃሉ?»

«ሲጣሉ የምትመጣው እኔ ቤት ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይመጣል። አይገባም፤ ያፍራል። ስሟንም አይጠራም። ደጄ ላይ ቆሞ ይስላል። ህእ፣ ህእ። እሷ ታዲያ ዝም ትላለች። ዳግመኛ ይስላል። እኔ፣ ‹ልጄ፣ ሰውዬው ሳንባው ሳይፈርስ ሂጂ› እላለሁ። ተነሥታ ትሄዳለች። መንገድ ላይ እንደገና ሲጨቃጨቁ እሰማቸዋለሁ።»

ባለጉዳዪዋ ፊቷን በጥቁር ሻርፗ ሸፈነች። እያለቀሰች መስሎኝ ጀርባዋ ላይ እጄን ባሳርፍ ትስቃለች። ከዚያ በእርግጥ አለቀሰች፤ ግን በሳቁ መካከል ነበር።

«ብዙ ጊዜ ይጣሉ ነበር?» አለች ዳኛዋ።

እማማ ጥያቄው ገረማቸው።

«እንደ ባልና ሚስት ነዋ!»

ዳኛዋ ይህን ራሷ ጻፈችው። ጸሐፊው እስኪጽፍ አልጠበቀችም።

ከረፋዱ እረፍት በኋላ ተመልሰን ገባንና ውሳኔው ተነበበልን። ባልና ሚስት ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በፍርድ ቤት ቋንቋ ሲሰሙት ደስ ይላል። ባለጉዳዪዋ፣ «በቃ? ሚስቱ ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ነሽ» አልኳት። «ሰማህ?» አለች፤ ለእኔ አይደለም።

ደጅ ላይ እማማና ነጋዴዋ ይጣሉ ነበር።

«ማን ማዪልኝ አለሽ?»

«አፍሽን ማን ከፈተው? እኔ ባልነሣ እስካሁን እዚያው ቆመሽ ነበር!»

«ገብርኤል ነው የከፈተው።»

«እሺ፣ እኔን ያስነሣኝ ማነው ታዲያ?»

እማማ አሰቡ። «እሱው ይሆናል» አሉ፤ ክንዷንም ይዘው ወደ ባጃጁ ሄዱ።

በማግስቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ የውሳኔ ግልባጭ ዛሬ አይደርስም አለኝ። «ማርያምን አስቸኳይ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። «እባክህ፣ አስቸኳይ ነው» አልኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ሳልምል በማየቱ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ «ምነው ዛሬ ጠበቃዋ፣ አመመሽ?» ብሎ ሳቀ፤ ማኅተሙንም አደረገልኝ።

መንገድ ላይ ሙሸበክ ገዛሁ፤ ትኩሱን፣ ስኳር የጠጣውን ጣፋጭ። ባለጉዳዪዋን ቤቷ አጣኋት። ከእማማ ቤት የሦስት ሴቶች ድምፅ ይሰማል። በአንድ እጄ ግልባጩን፣ በሌላው ሙሸበኩን ይዤ ነበርና በሩን ማንኳኳት አልቻልኩም። ደጃፉ ላይ ቆምኩና ሳልኩ፤ ህእ፣ ህእ።

ከዚያ የእማማ ድምፅ መጣ፦

«ማነው ደግሞ ሚስቱን ሊወስድ የመጣው?»

ሦስቱም ሲስቁ ሰማሁ፤ የባለጉዳዪዋ ሳቅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። በሩን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ ገባሁ።